ከበር ላይ የሚነበቡ ስሞች

እኔ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ነኝ። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትታዘቡኝ።

ታውቁናላችሁ እኮ፤ በየሰፈሩ አለን። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ድንኳኑ ውስጥ ዘልቀን አንቀመጥም። ደጅ ከቆመው ሰው ጋር ራሳችንን እየነቀነቅን «ምን ይደረግ፣ የእግዜር ሥራ ነው» እንባባላለን። ከዚያ መምጣታችን እንዲታወቅልን ለሁለት ሦስት ሰው ታይተን ውልቅ ነው። አራስ ስንጠይቅም በመስኮት «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እንላለን። ጫማ ማውለቅ የለ፣ «በሞቴ አንድ ጉርሻ» የለ። እናቴ በዚህ ጠባዬ ታፍራለች። አንተ ልጅ፣ ገነት ደጃፍ ብትደርስ እንኳ ዘበኛውን «እነማን አሉ?» ብለህ ጠይቀህ ትመለሳለህ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ምን ክፋት አለው እላለሁ። ማን እንዳለ ሳይታወቅ ሰው ቤት ዘው ይባላል እንዴ?

ይሄ ጠባይ በእኔ ሥራ እንደ ሙያ ይቆጠራል ብላችሁ ታምናላችሁ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። እኔ ብሩክ እባላለሁ፤ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የጻፈውን ሩቅ ባለ መጋዘን ያስቀምጣል። ሪፖ እንለዋለን። የት አገር እንዳለ እኔም አላውቅም። የሆነ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው ይላሉ። መጋዘኑ ምንም ነገር አይጥልም። አምና የጻፋችሁትን፣ የሰረዛችሁትን፣ ያፈራችሁበትን ሁሉ ቅጂ በቅጂ ደርድሮ ያኖረዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሪፖ የሁለቱም ዘመድ ነው። ታዲያ ከቅጂዎቹ መካከል «ይሄኛው ደህና ነው» የምትሉት ሲኖር አንገቱ ላይ የስም ካርድ ታንጠለጥሉበታላችሁ። የሙያው ልጆች ታግ ይሉታል፤ እኔ ካርድ ልበለው።

ካርዶቹን ለማየት መጋዘኑን ወደ ራሳችሁ ኮምፒውተር ማውረድ አያስፈልግም። አንዲት አጭር ትእዛዝ አለች። በሩ ላይ ቆማችሁ «እነማን አላችሁ?» ትላላችሁ፤ ስማቸውን በሀ ለ ሐ መ ተራ ደርድሮ ይሰጣችኋል። ስምና መለያ ቁጥር ብቻ። አልገባችሁም፣ ምንም አላወረዳችሁም፣ የእናንተ ኮምፒውተር ላይ አንዲት ፊደል አልተነካችም። እንግዲህ ይቺ ለእኔ ተብላ የተሠራች አይደለችም?

ይቺን ትእዛዝ ያስተማሩኝ ጋሽ ይልማ ናቸው።

ጋሽ ይልማ ከ18 ማዞሪያ ቁልቁል፣ ከእኛ ቤት ሦስት በር አልፎ የሚኖሩ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ እኩዮቻቸው ዳማ ያዙ፣ እሳቸው ፕሮግራም መጻፍ ተማሩ። ለምን አትሉም? ለእድሩ ብለው ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ዘለቀ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው በሞተ ቁጥር ሰፈሩን ዞረው ሲለፍፉ ኖረው ጉልበታቸው ከዳቸው። ደግሞስ ጉልበቱ ቢኖርስ? የእድራችን ግማሽ ሰው ቤቱ እየፈረሰ ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ተበትኗል። ኮልፌ ላይ የተነፋ ጥሩምባ እዚያ ድረስ ይሰማል? አይሰማም። ጎረቤቱ መቀበሩን በሳምንቱ ገበያ ላይ የሰማ ሰው አለ።

ጋሽ ይልማ ተቀምጠው አንድ ፕሮግራም ጻፉ። የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ትሰጡታላችሁ፤ እሱ ለእድርተኛው ሁሉ በስልክ መልእክት ይልካል። በቃ። እኔ ደግሞ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። እንዴት ተመረጥክ ካላችሁኝ፣ ስብሰባው መሀል ስልክ ላነሳ ወጣሁ፤ ስመለስ ተጨብጭቦልኛል። ኮምፒውተር ስለማውቅ የጋሽ ይልማ ረዳትም አደረጉኝ።

አሁን የጋሽ ይልማን ልማድ ልንገራችሁ። ሌላ ሰው ለካርዱ ቁጥር ይሰጣል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ነጥብ አንድ እያለ። እሳቸው ግን አንድ ቅጂ ደህና መሆኑ የሚታወቀው ሰው ሲሞት ነው ይላሉ። መልእክቱ ለሁሉም ከደረሰ፣ ማንም «አልሰማሁም» ካላለ፣ ያን ቅጂ በዚያ ሟች ስም ይጠሩታል። ካርዱ ላይም ስለ ሟቹ አንድ ሁለት መስመር ይጽፋሉ። «ላቀች። ድስት አበድራ መልሱልኝ የማትል።» «ተሰማ። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀብር አልቀረም፣ የራሱን ጨምሮ።» እንዲህ ዓይነት ነገር።

እንግዲህ አስቡት። ጠዋት ሥራ ስጀምር በሩ ላይ ቆሜ «እነማን አላችሁ?» ስል የሚመልሱልኝ የሰፈራችን ሙታን ናቸው። ሀብቴ። ላቀች። መንበረ። ተሰማ። አሰገደች። ወርቁ። መጀመሪያ ሰሞን ጀርባዬን ቀዝቀዝ ይለኝ ነበር። ይባስ ብሎ ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፈው ነው የሚመጡት። ላቀች፣ ከሥሯ እንደገና ላቀች። ተሰማ፣ ከሥሩ እንደገና ተሰማ። ሁለተኛው ስም ጫፉ ላይ ቆብ የምትመስል ምልክትና ባዶ ቅንፍ አለው። አንድ ሰው ስንቴ ይሞታል ብዬ ጋሽ ይልማን ጠየቅኋቸው።

ሳቁብኝ። ካርዱ ላይ ቃል ከተጻፈበት ሁለቴ ይመጣል አሉኝ። አንደኛው ቃሉ ያለበት ካርድ ነው፤ ሁለተኛው ካርዱ የተሰቀለበት ቅጂ ራሱ። ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ካርድ ከሆነ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው። ቃሉ ምን እንደሚል ከበር ላይ አይታይም። እሱን የፈለገ ገብቶ ማውረድ አለበት። ማውረዱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ጋሽ ይልማ የእድሩን አሮጌ መዝገብ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተው እዚያው ጨምረውታል፤ ኔትወርክ ደህና በሆነ ቀን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ እኔ በር ላይ ጠይቄ «አሉ» ብዬ እመለሳለሁ።

በዚያ ሁሉ ሙት መካከል አንድ በሕይወት ያለ ሰው ስም ነበር። ይልማ። አንዴ ብቻ የተጻፈ፣ ባዶ ካርድ። አዲስ ቅጂ ባስቀመጡ ቁጥር ከአሮጌው አውርደው አዲሱ ላይ ይሰቅሉታል። «አዲሱን ስትፈልግ ስሜን ፈልግ» ብለውኛል። የሠሪው ፊርማ ነው ብዬ ተውኩት። እናንተስ ብትሆኑ ምን ልትሉ ነበር?

በክረምቱ መግቢያ ጋሽ ይልማ ጉበታቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ከመግባታቸው በፊት እንዲህ አሉኝ። የስልኩ መሥመር አሠራር ስለተለወጠ አንተ ጋ ያለው ቅጂ ከእንግዲህ አይልክም፤ አስተካክዬ አዲሱን አስቀምጫለሁ፤ ውሰደው። እሺ አልኩ። አልወሰድኩትም። በየጊዜው ከበር ላይ እጠይቃለሁ፤ ይልማ አለ፣ አንዴ። አለ ካለ ምን ያስቸኩላል?

ሆስፒታልም ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። እንዴት እንደሄድኩ መቼም ትገምታላችሁ። የክፍሉ በር ላይ ነርሷን አቁሜ «እንዴት አደሩ?» አልኩ። «ደህና አድረዋል፣ ግባና ጠይቃቸው» አለችኝ። አይ፣ እንዳልረብሻቸው ብዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ጊዜ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ኮሪደሩ ድረስ ወጥተው የጋሽ ይልማን ስልክ ሰጡኝ። መስታወቱ ተሰንጥቆ አልበራም ብሏል፤ እንዳሠራላቸው ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ዛሬ ነገ ስል እዚያው ከረመ።

ሆስፒታል ከገቡ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ሰፈሩን ጉም ውጦት፣ መብራትም ጠፍቶ፣ አንድ ሰዓት ሲል ስልኬ ጮኸ። እትዬ አስቴር ናቸው።

«ብሩኬ፣ ይልማ አረፈ» አሉኝ። አላለቀሱም። «ለሰው ንገርልኝ። የሱን ሰው ታውቃለህ።»

አምስት ደቂቃ ሳይቆይ የእድሩ ዳኛ አቶ ደስታ ደወሉ። አዎ፣ ሞትን የሚያውጁልን ሰውዬ ስማቸው ደስታ ነው፤ ለምደነዋል። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው አሉኝ፤ እስከ ሁለት ሰዓት መልእክቱ ይድረስ፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ታክሲ መያዝ አለበት።

ላፕቶፔን ታቅፌ 18 ማዞሪያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው ሻይ ቤት ወጣሁ። ጄኔሬተር አላት፣ ኔትወርክም እዚያ ይሻላል። ከቆሼ በኩል የሚመጣው ሽታ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ ገብቷል። ሻይ አዘዝኩ። እንደ ልማዴ ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ጠየቅሁ።

ስሞቹ መጡ። ይልማ አለ። ሁለቴ።

ዓይኔን አሸሁ። እሑድ ዕለት አንዴ ነበር። ሦስት ቀን ነው እንግዲህ። ቃል ተጽፎበታል ማለት ነው። ሰውየው ከሞቱ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላቸውም፤ ማን ነው ሙታኑ መካከል ያስገባቸው? ካርድ የመስቀል ፈቃድ ያለን ሁለት ሰዎች ነን፤ እሳቸውና እኔ። እኔ አልነካሁትም።

ወደ ላይ መለስ ብዬ አነበብኩ። ሀብቴ፣ ላቀች፣ መንበረ፤ ሁለት ሁለቴ። ከመንበረ ሥር፣ ከተሰማ በላይ፣ አንድ ስም አለ። አንዴ ብቻ የተጻፈ።

ብሩክ።

በእድራችን ከእኔ ሌላ ብሩክ የለም። ኖሮም አያውቅም፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ መዝገቡን አውቀዋለሁ። ሻዩ ቀረበልኝ፤ አልጠጣሁትም። ስህተት ይሆናል ብዬ እንደገና ጠየቅሁ። እንደገና ብሩክ። ደግሞ ከየስሙ ፊት ረጅም ቁጥር አለ፤ የቅጂው መታወቂያ ነው። ከእኔ ፊት ያለውን ከጋሽ ይልማ ሁለተኛ መስመር ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርኩት። አንድ ነው። ሁለታችንም የተሰቀልነው አንድ ቅጂ ላይ ነው። አንድ ጉድጓድ ላይ ሁለት ስም እንደማለት።

የሚልከው ቅጂ ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ጋሽ ይልማን ለማወጅ የእኔ ስም የተሰቀለበትን ከፍቼ መግባት አለብኝ። ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ቁጭ አልኩ።

ሁለት ሰዓት አለፈ። አቶ ደስታ ደወሉ፤ ኔትወርክ እያስቸገረ ነው አልኳቸው። ሦስት ሰዓት ሆነ። እትዬ አስቴር ደወሉ። ደረሰ ወይ አሉኝ። ሊደርስ ነው አልኩ። «ማንም አልመጣም እኮ» አሉኝ። «ድንኳኑ ውስጥ ከጎረቤት ሴቶች በቀር ሰው የለም። ይልማ እኮ የሁሉንም ሞት ተናግሯል።» ስልኩን ዘጋሁና ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። በሰፈሩ ማንም ሰው ያለ ሰው እንዳይቀበር ዓይናቸው እስኪደክም የሠሩ ሰውዬ፣ እሳቸው ያለ ሰው ሊቀበሩ ነው። ያውም እኔ ሞት ፈርቼ። ይሄን እያወቅሁም ጣቴ አልታዘዘኝም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ተረት እየመጣብኝ አስጨነቀኝ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጥሩምባው! አቶ ደስታ ዘንድ ሳልደርስ በጓሮ በኩል ወደ ጋሽ ዘለቀ ወረድኩ። ጥሩምባው ያለበት ዕቃ ቤት ቁልፍ አሁንም እሳቸው ጋ ነው። እሳቸው ባይነፉ እኔ እነፋለሁ አልኩ። ጭራሽ ነፍቼ አላውቅም፤ ሰውም ቢሰማኝ ፍየል ጠፋበት ከማለት ሌላ የሚገባው ነገር አይኖርም። ግን ከዚያ ስም ጋር ከመገናኘት ይሻላል።

ጋሽ ዘለቀ ደጃፋቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በጋቢ ሸፍነዋል። የጋሽ ይልማን ማረፍ ከጎረቤት ሰምተዋል። እኔን ሲያዩ መጀመሪያ ያሉኝ «ለምን ስልኬ አልጮኸም?» ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም ዘከዘክሁላቸው። ስሜን፣ ቁጥሩን፣ ሁለቴውን፣ አንዴውን። እብድ ነው ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ያንተ ላይ ቃል አለበት?»

«የለም፤ ባዶ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ደህና ነው» አሉና ትከሻቸው ረገብ አለ።

ከዚያ ለእድሩ ዳኛ እንኳን ነግረው የማያውቁትን ነገሩኝ። ጥሩምባ ሲነፋ ሞት አንድ ጥግ ቆሞ ያዳምጣል አሉኝ። የሚጠራውን ይሰማል፤ ጠሪውንም ያያል። ዕለት ዕለት ድምፁን የሚሰማው ሰው አንድ ቀን ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጋሽ ዘለቀ ጥሩምባውን ከአፋቸው አውርደው የሟቹን ስም ከመጥራታቸው በፊት በሆዳቸው «ዘለቀ» ይላሉ። ያለ ድምፅ። ሞት «ይሄማ ተጠርቷል» ብሎ እንዲያልፋቸው ነው። ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ጋሽ ይልማ ሥራውን ሲረከቧቸው ይሄንንም አስረከቧቸው። የተማሩ ሰው ስለሆኑ ይስቃሉ ብለው ነበር። ጋሽ ይልማ ግን አልሳቁም፤ በደብተር ጻፉት።

እኔ ፊርማ ነው ያልኩት ያ ባዶ ካርድ ለካ ይሄ ነበር! በየቅጂው ላይ በሆዳቸው የሚሏት ስም።

«ታዲያ የጋሽ ይልማ ካርድ ላይ ቃል የተጻፈበትስ?» አልኳቸው።

«ያማ ጮክ ተብሎ ተጠራ ማለት ነዋ» አሉኝ። «አንተን በቦታው ተክቶ ነው የሄደው። ከእንግዲህ ጠሪው አንተ ነህ።» ከዚያ ድንገት ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ሰዓቱ ስንት ነው? ሰውየውን እንደ ውሻ ልትቀብረው ነው? ሂድ! በር ላይ አትቁምብኝ!»

ሮጥኩ። እውነቴን ነው፣ ከተማሪ ቤት ወዲህ እንዲያ ሮጬ አላውቅም። ሻይ ቤቷ ደርሼ፣ የቀዘቀዘውን ሻይ ገፋ አድርጌ ገባሁ። ማውረድ ጀመረ። የላቀች መዝገብ፣ የተሰማ ፎቶ፣ የአርባ ዓመት ወረቀት ሁሉ ይንጠባጠብ ጀመር። አንድ ሰዓት ፈጀ። አንዴ እንኳ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ሲያልቅ መጀመሪያ የጋሽ ይልማን ካርድ አነበብኩ። እንዲህ ይላል።

«ይልማ። ሁሉን ሲጠራ ኖሮ እሱን የሚጠራ አጣ እንዳትሉ። ብሩክ ይጠራዋል። በር ላይ መቆም ይወዳል እንጂ ልጁ ደህና ነው። ሆስፒታል መጥቶ ከነርሷ ጋር ሲያወራ ድምፁን እሰማለሁ።»

ሰው በሞላበት ሻይ ቤት አለቀስኩ። ሰውየው ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ተኝተው ድምፄን እየሰሙ፣ እኔ እሳቸውን ሳይሆን ስለ እሳቸው ስጠይቅ ነበር። ገብቼ እጃቸውን ብይዝ ምን ይወሰድብኝ ነበር? ይሄ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ዓይኔን ጠረግሁና መልእክቱን ሞላሁ። «የእድራችን አባል አቶ ይልማ አርፈዋል። ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል።» ከመላኬ በፊት፣ አትሳቁብኝ፣ በሆዴ «ብሩክ» አልኩ። ተጫንኩት።

ስድስት ሰዓት ነበር። ከሻይ ቤቷ መስኮት ቁልቁል ማዞሪያው ይታያል። መጀመሪያ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ስልክ ጮኸ። ከዚያ የታች ኪዮስኩ። ከዚያ ታክሲ ውስጥ፣ ከዚያ ማዶ፣ ከዚያ ጉሙ ውስጥ ከማይታይ ቦታ። «መርካቶ! መርካቶ!» ይል የነበረው ረዳት አፉን ከፍቶ ስልኩን አየ። ማዞሪያው ላይ ሰው ሁሉ ራሱን ደፍቶ ቆመ። እዚያ መሀል ራሱን ያልደፋ አንድ ሰው አየሁ፤ የትራፊኩ ደሴት ላይ ቆሞ ወደ ላይ፣ ወደ እኔ መስኮት የሚመለከት። ጉሙ ሲያልፍ አልነበረም። መንገደኛ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ቀብሩ ሞላ። ከየኮንዶሚኒየሙ የመጣው ሰው አጥሩን አልፎ ቆመ። አቶ ደስታ ለምን እንደዘገየ አልጠየቁኝም። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ መሀል ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ከሴቶቹ ወገን ሆና ስታየኝ አማተበች።

በሠልስቱ እትዬ አስቴርን ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ካርዱ ላይ ያለው ቀን ሰኞ ይላል፤ ጋሽ ይልማ ሰኞ ዕለት ላፕቶፓቸውን ነክተው ነበር ወይ? እትዬ አስቴር አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ አሳዩኝ። ላፕቶፑ ሆስፒታል ከገቡ ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሰኞ ዕለት ደግሞ እንኳን ሊጽፍ ሰውም አይለይ ነበር አሉኝ። በስልክም ይቻላል እኮ ልል አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ስልኩ የት እንዳለ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። እስከ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አልተሠራም።

ያን ነገር ዳግም አልመረመርኩትም። ሥራዬን ግን ያዝኩ። ሰው ሲሞት እጠራለሁ፣ ካርዱ ላይ ቃል እጽፋለሁ፣ የራሴን ባዶ ካርድ ከቅጂ ወደ ቅጂ አዛውራለሁ። ከአርባቸው በኋላ የጋሽ ይልማን መግቢያ ዘጋሁት፤ ከእንግዲህ እዚያ ካርድ የሚሰቅል እኔ ብቻ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ታዲያ በር ላይ ቆሜ ስሜን እቆጥራለሁ። አንዴ። ተመስገን ብዬ ወደ ሥራዬ። ከመሞት መሰንበት ይሻላል አይደል? ጠባዬም ተሻሽሏል። የታመመ ስጠይቅ እገባለሁ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ እጅ እይዛለሁ። ለሰው ሁሉ «በር ላይ አትቁሙ፣ ግቡ» እያልኩ ሰባኪ ሆኜአለሁ።

ዛሬ ጠዋትም ጠየቅሁ። ብሩክ አለ፤ አንዴ። ከእኔ በላይ ግን፣ በሀ ለ ሐ መ ተራ ከእኔ የምትቀድም፣ እኔ ያልሰቀልኳት አንዲት ካርድ አለች። ሶስና ትላለች። አንዴ፤ ባዶ። በእድራችን ሶስና የምትባል የለችም፣ ኖራም አታውቅም። ቁጥሯን ከቁጥሬ ጋር አመሳከርኩት። አንድ ነው። ባለፈው ጊዜ ከነባሩ ጠሪ ጎን አዲስ ባዶ ካርድ የተሰቀለ ሰሞን ምን እንደሆነ እናንተም አሁን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ይሄን ሁሉ ያወራሁት ለአንድ ሰው ብዬ ነው። እህቴ ሶስና፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም። ኮምፒውተር የምታውቂ ከሆነ እርሺው። ወደ ኮልፌ ቤት ልትከራዪ አስበሽ ከሆነ ሌላ ሰፈር ጥሩ ጥሩ ቤት ሞልቷል። መምጣትሽ ግድ ከሆነና የእድር ስብሰባ ከጠሩሽ ደግሞ፣ ያልኩትን ሁሉ ተዪው፤ አደራሽን ወደ ውስጥ አትዝለቂ። በር ላይ ሆነሽ ጠይቂና ሂጂ። በር ላይ መቆም ምንም ነውር የለውም።